የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሥራ በደርግ ዘመን

የኢትዮጵያ ከተሞች ቀበሌ የተባለውን አስተዳደር ያገኙት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውንም ቦታ ቢበዛ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነው። በአንድ አዋጅ የተወረሱትን ቤቶች የሚቆጥር፣ ተከራዩን የሚመዘግብ፣ ኪራዩን የሚሰበስብና በግቢ፣ በአጥርና በቤት የሚነሣውን ጠብ የሚዳኝ አካል ያስፈልግ ስለነበር ነዋሪዎች በየሰፈራቸው በማኅበር እንዲደራጁ ታዘዘ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በሕጉ የተሰጠው ስም ነው፤ ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀበሌ ብሎ ጠራው።

ከዚያ በፊት የከተማ አስተዳደር ማለት ማዘጋጃ ቤት ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤትነት መድቦ ሌሎች መቶ ያህል ከተሞችን ዝቅ ባለ ደረጃ አቋቁሟቸዋል። የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገቢው ከገበያ ቦታ፣ ከቄራ፣ ከንግድ ፈቃድና ከቦታ ግብር የሚገኝ ሲሆን ሥራውም በዚያው ልክ ጠባብ ነበር። ነዋሪው ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው ግብር ሊከፍል ወይም የቤት ካርታ ሊያወጣ ነበር። የሰፈሩን ጉዳይ የሚመለከቱት ዕድሩ፣ የሰፈር ሽማግሌውና ቤት አከራዩ ነበሩ። ቀበሌ ሲመጣ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ተጋፋ። ዕድሩ ሬሳ መቅበሩን ቀጠለ፤ አከራዩ ከሥፍራው ወጣ፤ ሽምግልናው ደግሞ ከፊሉ ወደ ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ተዛወረ።

ኪራይ የቀበሌው የመጀመሪያ ሥራና የመጀመሪያ ገንዘብ ነበር። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። አዋጁ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። ለድሃ ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በአንድ ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ያን ጊዜ ያገኘውን ቅናሽ ዋጋ የሚያውቀው ራሱ ነው። ለቀበሌው ግን ነገሩ ከመነሻው ሸክም ያዘለ ነበር። የደረሱት ቤቶች በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ በጋራ የሚጠቀሙ፣ ብዙዎቹም ያረጁ ነበሩ። ኪራያቸው አንዴ ከተወሰነ በኋላ ሳይነካ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ፤ ከ10 ብር በታች የሚከራዩ የቀበሌ ቤቶች ደርግ ከወደቀ በኋላም ነበሩ። በዚህ ገንዘብ ጣሪያ መቀየር፣ የዘመመ ግድግዳ ማቅናት፣ የሞላ ጉድጓድ ማስመጠጥ አይቻልም። ተከራዩ በራሱ ወጪ እንዳይጠግን ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ለማደስም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዛሬ በየከተማው መሀል የሚታዩት ያዘመሙ መንደሮች ዕድሜ የሚጀምረው ከዚህ የሂሳብ ጉድለት ነው።

የኪራይ ደብተሩ ሌላ ነገርም ይዞ መጣ። ቀበሌው ኪራይ ለመሰብሰብ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ሰጠ፤ በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ዕድሜውን፣ ሥራውንና የልጆቹን ቁጥር በመዝገብ አሰፈረ። ቀደም ባለው ጊዜ አንድ የመንግሥት ሹም የአንድን ትንሽ ከተማ ነዋሪ በስም አያውቅም ነበር። አሁን ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ መዝገብ ሁሉንም ያውቃል። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ እህል ማከፋፈሉም ሆነ ወታደር መመልመሉ፣ በዚህ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ትኩረት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለጠመንጃው ነው፤ ቀበሌን ያን ያህል ጠንካራ ያደረገው ግን መዝገቡ ነው ማለት ከእውነት አያርቅም።

አወቃቀሩ በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ይበልጥ ተጠናከረ። የቀበሌው ነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ ተመራጮችን ይመርጣል፤ ከእነሱም ሊቀመንበር፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ይቋቋማሉ። በትልልቅ ከተሞች ከቀበሌ በላይ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ በላይ ማዕከላዊ ማኅበር ነበረ፤ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፋፍላ ነበር። በትንንሽ ከተሞች መሰላሉ አጠር ያለ በመሆኑ የቀበሌ ሊቀመንበር ከአውራጃው አስተዳዳሪ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰው ነበር። ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ ከመምረጥም ከመመረጥም ታግደው ነበርና በመሪነት የተቀመጡት አስተማሪዎች፣ ዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጡረተኞች፣ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የራሳቸው መተዳደሪያ ስላላቸው የቀበሌውን ጉዳይ የሚያዩት ከሥራ ሰዓት ውጭና እሑድ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከተወረሰ ግቢ አንዱ ነበር፦ አንድ ክፍል ለጸሐፊው፣ አንዱ ለሊቀመንበሩ፣ አንዱ ለመጋዘን፣ አንዱ ለአብዮት ጠባቂዎች፤ ሰፊ ግቢ ካለ ለስብሰባ።

የፍርድ ሸንጎው ሥራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሰፈርን ኑሮ ያሳያል። መጀመሪያ ሥልጣኑ በቦታና በቤት ክርክር ላይ ብቻ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 104 እስከ 500 ብር የሚደርሱ የፍትሐ ብሔር ክርክሮችንና ቀላል ወንጀሎችን እንዲመለከት ተፈቀደለት። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ጠበቃ የለም፤ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው ይናገራሉ፤ ምስክሩ የሰፈር ሰው ነው። የሚመጣው ጉዳይ የጋራ መጸዳጃ ቁልፍ፣ የተሰበረ አጥር፣ የፍሳሽ ቦይ አቅጣጫ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ በስካር የተነሣ ስድብ፣ ለልጁ ቀለብ ያልሰጠ አባት ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት ዓመታት ይወስድ የነበረ ጉዳይ እዚህ በሳምንታት ያልቅ ነበር። ሴቶች፣ በተለይም የቤት ሠራተኞችና ያለ ጋብቻ ውል የኖሩ እናቶች፣ ወትሮ በማይደርሱበት ችሎት ተሰምተዋል። በሌላ በኩል ዳኛው የተከሳሹ ጎረቤት ነው፤ ቂምና ዝምድና አብሮ ይቀመጣል፤ ሕግ የተማረም የለበትም። የሸንጎው ጥሩነትና መጥፎነት ሁለቱም የመጡት ከዚሁ ከቅርበቱ ነው።

ቅርበቱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወደ ሞት ተለወጠ። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ተፎካካሪ የፖለቲካ ድርጅቶች ቀበሌዎችን ለመያዝ ተፋለሙ፤ የቀበሌ መሪዎች በጥይት ይገደሉ ጀመር፤ መንግሥትም አብዮት ጠባቂዎችን አስታጠቀ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በተደረገው አሰሳ ቀበሌዎች መሪና ጠቋሚ ሆነው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር በተባለው ዘመቻ ብዙ ቀበሌዎች እስር ቤት ነበራቸው፤ መጋዘኑ ወይም የግቢው ሰርቪስ ቤት ወጣቶች የሚታጎሩበት፣ የሚገረፉበትና ከዚያ ወጥተው የሚረሸኑበት ሆነ። እናት ለታሰረ ልጇ ምግብ የምታቀብለው ያው የኪራይ ደረሰኝ በምትቀበልበት በር ላይ ነው። ገዳዩም ተገዳዩም የአንድ ሰፈር ልጆች፣ አንዳንዴም የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ። በትንሽ ከተማ ይህ የበለጠ ይከብዳል፤ ሰው ከሰው የሚሸሸግበት ሌላ ሰፈር የለምና። ሽብሩ ካለፈ በኋላ ከየቤቱ አንድ ሰው የጎደለበት ሰፈር ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ለመታወቂያ፣ ለስኳርና ለመሸኛ መመላለሱን ቀጠለ፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

በዚያው ጊዜ የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ ገብቶ ነበር። ጅጅጋ በ1970 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተያዘች፤ ሐረርና ድሬዳዋ አደጋ ላይ ወደቁ። የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ ጥሪውን ወደ ደጃፍ ያደረሰው ቀበሌ ነው። ዘማች ይመዘገባል፤ ገንዘብና ብርድ ልብስ ይሰበሰባል፤ ሴቶች ተሰብስበው በሶ ይፈጫሉ፣ ዳቦ ቆሎ ይጋግራሉ፣ ድርቆሽ ያደርቃሉ፤ ስንቁ በጆንያ ተሞልቶ በመኪና ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በፈቃድ የተሰጠ ነበር። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመልሳ ስትያዝ በየከተማው ሰው በእውነተኛ ደስታ አደባባይ ወጥቷል። ኋላ መዋጮ ለኤርትራና ለትግራይ ጦርነት፣ ለድርቅ፣ ለበዓል እየተባለ ሲቀጥል ፈቃድ የነበረው ነገር በስም ዝርዝር የሚጠየቅ ዕዳ ሆነ።

ከሁሉ በላይ ነዋሪውን ከቀበሌ ጋር ያስተሳሰረው ግን ሕብረት ሱቅ ነው። በዓለም ዙሪያ የነዳጅ ዋጋ በናረበት፣ ጦርነቱ የውጭ ምንዛሪውን በበላበትና የግል ንግድ በተገደበበት ጊዜ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ላምባ፣ ክብሪትና አቡጀዲ ከገበያ እየጠፉ ሄዱ። መንግሥት ዕቃውን በተወሰነ ዋጋ በቀበሌ በኩል ያከፋፍል ጀመር። እህሉን የሚያቀርበው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ከገበሬው በኮታና በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛል፤ እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች የግል ነጋዴው የሸመተውን በሙሉ እንዲያስረክብ የተገደደበት ጊዜም ነበር። በየመንገዱ በቆመው ኬላ ከገጠር ጤፍ ጭኖ የሚመጣ ሰው ይፈተሻል። ስለዚህ ከእርሻ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ እንኳ እህል የምታገኘው በወረቀት ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤተሰቡ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አለው። ዕቃ ሲመጣ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል፤ ሴቶችና ልጆች ከንጋት ጀምረው ይሰለፋሉ፤ የሚሄድበት ያለው ድንጋይ ወይም ቅርጫት በወረፋው ላይ ያስቀምጣል። ሻጩ ካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ሚዛኑ ላይ ይሰፍራል። ኪራይ ያልከፈለ፣ መዋጮ የቀረበት፣ ከስብሰባ የቀረ ሰው በዚህ መስኮት ላይ ይታወሳል፤ ቀበሌው ብዙ ጊዜ ጠባቂ መላክ ሳያስፈልገው ሰውን የሚያስገድደው በዚህ ነው። ሸቀጡ አንሶ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንዳገኘ የሚነሣው ሐሜት ከፖለቲካ ንግግር ሁሉ ይልቅ የሊቀመንበሩን ስም የሚያነሣም የሚጥልም ነበር። በጀርባ በር የወጣው ሳሙናና ስኳር በአየር ባየር ነጋዴው እጅ ተመልሶ ገበያ ላይ በእጥፍ ዋጋ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ጋር የሕብረት ሱቁ ዋጋ ለደመወዝተኛና ለድሃ እውነተኛ ድጋፍ መሆኑ አይካድም። ድጋፉን የከፈለው ግን ከሁሉም በላይ ድሃው ገበሬ ነው፤ የከተማው ነዋሪ በርካሽ የበላው እህል ከገበሬው ጎተራ በርካሽ የወጣ ነበርና።

በጎ ሥራ ከተባለ በሙሉ ልብ የሚነሣው መሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር ያተኮረው በከተሞች ላይ ነበር። ቀበሌው ማንበብና መጻፍ የማይችሉትን ከመዝገቡ ለቅሞ አወጣ፤ የስብሰባ አዳራሹን፣ የትምህርት ቤት ክፍሉን፣ ካልሆነም የዛፍ ጥላውን መማሪያ አደረገ፤ ተማሪዎችን፣ አስተማሪዎችንና ጡረተኞችን አስተማሪ አድርጎ መደበ። አዛውንት ሴቶች ደብተር ይዘው ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ፊት ተቀመጡ። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ኢትዮጵያን ለዚህ ዘመቻ ሸለመ። እንደሌላው ሁሉ እዚህም መገኘትና መቅረት በስም ይጠራ ነበር፤ ቢሆንም በጣት ማኅተም ይፈርም የነበረ ሰው በኪራይ ደረሰኙ ላይ ስሙን ራሱ ለመጻፍ መብቃቱ ቀበሌ ከሠራው ሥራ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው።

በተራ ቀን ጽሕፈት ቤቱን የሚያጣብበው ወረቀት ፈላጊ ነበር። መታወቂያ የሌለው ሰው ሥራ አይቀጠርም፣ ሆቴል አያድርም፣ ኬላ አያልፍም። ወደ ሌላ አውራጃ የሚጓዝ ሰው የይለፍ ወረቀት ያወጣል፤ ቤቱ እንግዳ ያሳደረ ያስመዘግባል። ለልጅ ትምህርት ቤት መግቢያ፣ ለጡረታ፣ ለውርስ፣ ለጋብቻ፣ ለሥራ ፍለጋ የቀበሌ ደብዳቤ ይጠየቃል። ከነዚህ ውስጥ እጅግ የሚፈለገው የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር፤ ሰውየው መክፈል የማይችል ድሃ መሆኑን ቀበሌው መስክሮ ሲጽፍለት የመንግሥት ሆስፒታል ያለ ክፍያ ያክመዋል። ማን ድሃ እንደሆነ የሚወስነው ጎረቤቱ ነው፤ ይህ ጠያቂውን የሚያሳፍር ቢሆንም ከሩቅ ሆኖ ከሚወስን ሹም ይልቅ እውነቱን የሚያውቅ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» በሚል መፈክር ይዘጉ ነበር፤ ለሆስፒታል የተጻፈችው የድህነት ማስረጃም ጭምር።

የሰፈር ልማት ሲባል ቦኖ ማቆም፣ ድልድይ መጠገን፣ የጋራ መጸዳጃ መቆፈር፣ መዋዕለ ሕፃናት መክፈት፣ ለወጣቱ ክበብና ለኪነት ቡድኑ ማሳያ ማዘጋጀት ነው። ገንዘቡ ትንሽ በመሆኑ ሥራው በአብዛኛው በጉልበት ይሠራል፤ እሑድ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዞ መውጣት ግዴታ ነበር። ሌሊት ደግሞ ወንዶች በተራ ሮንድ ይወጣሉ። ሰዓት እላፊው ባለበት ከተማ ሌብነት መቀነሱን ብዙዎች በበጎ ያነሣሉ፤ ከሮንድ የሚቀር ሰው ግን ይቀጣል። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ቀበሌዎች አጥር ሲያስቀቡ፣ ቅስት ሲያቆሙና ሰልፈኛ ሲቆጥሩ ከረሙ።

በዚያው ዓመት በሰሜን ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። በወሎና በትግራይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ዳርቻ፣ በቆረም ከሁሉ ይልቅ፣ ከሕዝባቸው ብዛት በላይ የሆነ የተራበ ሰው ሰፈረ። እህሉን የሚያመጡት የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንና የውጭ ድርጅቶች ነበሩ፤ የከተማው አስተዳደር ግን ለራሱ ነዋሪ የማይበቃውን ውኃ ማካፈል፣ ሬሳ የሚነሣበትን መንገድ መፈለግና ተላላፊ በሽታ እንዳይገባ መጠበቅ ነበረበት። ድርቁ ባልነካቸው ከተሞችም የእህል ዋጋ ናረ፤ የቀበሌው ካርድ ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ያህል አይሰጥም ነበር።

የቀበሌንና የነዋሪውን ግንኙነት ጨርሶ ያበላሸው ውትድርና ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ለአገልግሎት ጠራ። ኮታው ከላይ ይወርዳል፤ ቀበሌው ከመዝገቡ ስም ያወጣል። በፈቃዱ የሚመጣ ሲጠፋ አፈሳ ተጀመረ፤ ወጣቶች ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳና ከመኝታቸው ተያዙ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ ቤት ያሸሻሉ፤ ዕድሜ ይቀንሳሉ፤ ለአብዮት ጠባቂው ጉቦ ይሰጣሉ። ሊቀመንበሩ የጎረቤቱን ልጅ ካልሰጠ እሱ ይጠየቃል፤ ከሰጠ ደግሞ በዚያው ሰፈር ለቅሶ ላይ ይቀመጣል። ብዙዎቹ ኃላፊነቱን ለመሸሽ ይጥሩ የነበሩት በእነዚህ ዓመታት ነው፤ በ1967 እና በ1968 ሰዎች የተሻሙበት ወንበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰው የሚሸሸው ሆኗል።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ኮታውና የኬላው ቁጥጥር ተነሣ። እህል ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ወረፋው ሳሳ፤ ከእሱም ጋር ቀበሌው በነዋሪው ላይ የነበረው ዋነኛ ሥልጣን ለቀቀ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግን የጣለው ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያቸውን ጥለው ተበተኑ፤ በየቀበሌው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተመረጠ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲቋቋም ከየመሥሪያ ቤቱ ከሰበሰባቸው ሰነዶች መካከል በቀይ ሽብር ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የእስረኛ ዝርዝሮችና ቃለ ጉባኤዎች ይገኙባቸዋል። በ1987 ዓ.ም. ችሎቱ ሲከፈት የደርግ ባለሥልጣናትና በየከተማው የነበሩ ተከታዮቻቸው የተከሰሱት በከፊል በራሳቸው ፊርማና ማኅተም ነው።

የቀበሌው ሥራ ሌላው ክፍል ሳይቋረጥ ቀጠለ። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ቀበሌዎቹ ተጣመሩ፤ ኋላም ወረዳ ተባሉ። መታወቂያው፣ የነዋሪነት ማስረጃውና የጉዳይ ደብዳቤው ግን እዚያው ቆዩ። በ1967 የተወረሱት ቤቶች የቀበሌ ቤት በሚል ስም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ትውልድ ተከራይ ተላለፉ፤ መሀል ከተማው ለመልሶ ማልማት በፈረሰ ቁጥር ነዋሪው ምትክ ቤት የሚጠይቀው በዚያ ዘመን በተጀመረው የኪራይ መዝገብ ላይ ስሙን አሳይቶ ነው።